ጠርዝ ላይ የቆመችው

«ፎቶ ቤት ያላቸው ልጆች የእናታቸው ፎቶ የላቸውም። ወንዝ ዳር ተቀምጦ ውሃ ጠማኝ ማለት ይሄ ነው።»

ይህን ያለችው አክስትየዋ ናት፤ ማድ ቤት ውስጥ የለቀስተኛውን ብርጭቆ እያጠበች፣ ለጎረቤት ሴትዮ። በሹክሹክታ የተናገረች መስሏታል፤ ግን ጆሮዋ ከደከመ ወዲህ የአክስትየዋ ሹክሹክታ ሦስት ክፍል ያቋርጣል። ሚጢጢ ኮሪደሩ ላይ ከየጎረቤቱ የተዋሷቸውን ወንበሮች እየደረደረች ስለነበር ቃል ሳይጎድል ሰማችው። ሚጢጢ የሚሏት እንግዲህ አርባ ሁለት ዓመት ሞልቷት፣ ቁመቷም ከታላቅ ወንድሟ በልጦ ነው፤ የቤት ስም እንደ ልብስ ጠበበኝ ተብሎ አይወልቅም። ወንበሩን እንደያዘች ቆመች። ያናደዳት አክስትየዋ ማማቷ አልነበረም፤ ያማችው ነገር እውነት መሆኑ ነው።

እናታቸው ከተቀበረች አራት ቀን ሆኗል። ድንጋይ ጠራቢው መቃብሩ ላይ የሚለጠፈው ፎቶ ዛሬ እስከ አስራ አንድ ሰዓት እንዲደርሰው አስጠንቅቋል፤ ነገ ማለዳ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ስለሚሄድ፣ ካልደረሰ ድንጋዩ ፊት የለሽ ሆኖ መቆሙ ነው። ልጆቹ ሦስት ቀን ሙሉ ቤቱን አገላብጠው ያገኙት አንድ የመታወቂያ ፎቶ ብቻ ነው። እሱም ላይ ማኅተሙ ልክ ግንባሯ ላይ አርፏል፤ ዓይኗ ፈጥጦ፣ ያላጠፋችውን ጥፋት ልታምን የመጣች ትመስላለች። በሕይወት ሳለች ይህን ካርድ ለሰው የምታሳየው ፊቷን በአውራ ጣቷ ሸፍና ነበር። ከዚያ ውጭ ያለው የመዳፍ ፎቶ ነው። የቤተሰቡ ስልክ ሁሉ በእናትየዋ መዳፍ የተሞላ ነው፤ ሰው ስልኩን ወደ እሷ ሲያዞር እጇ ቀድሞ ፊቷ ላይ ይደርሳል። ስልክ ፊልም እንደሌለው ስንት ጊዜ ተነግሯት «ፊልም አታባክኑ» ትላለች። በዘመድ ሰርግ ፎቶ ላይ እንኳ ብትፈለግ የምትገኘው ከሰው ትከሻ ጀርባ፣ በግማሽ ጆሮ ነው።

ሚጢጢ ወደ ማድ ቤት ስትገባ ጎረቤቲቱ ትሪ አንስታ ሹልክ አለች። ሚጢጢ አልተቆጣችም፤ አክስቷ ቤት የቆየ ፎቶ ይኖር እንደሆነ ብቻ ጠየቀቻት። አክስትየዋ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና የለኝም አለች። ስንት ጊዜ ለምኛታለሁ፤ ሁለት እህትማማች ነን፣ ነገ አንዳችን ብንቀር ምን እናያለን፣ ነይ አንድ ጊዜ አብረን እንነሳ ብያት ነበር፤ አሻፈረኝ አለች እንጂ። ከዚያ ለሃያ ሦስት ዓመት በሆዷ ያኖረችውን ነገር፣ ልክ የብርጭቆ ማጠቢያው ውሃ ሲደፋ እንደሚወጣ፣ ሳታስበው አወጣችው።

«ልጄ ፊቴን በሰው ፊት ለክቶ ለክቶ የሚተርፍ ነገር የለውም ብሏል አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችኝ። እኔ ግን እህቴን አውቃታለሁ፤ ያ ሳቅ የሳቅ ሳቅ አልነበረም።»

ሚጢጢ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት በሩ አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። አክስትየዋ ከአፍ የወጣ አፋፍ መሆኑን ያኔ አወቀችና፣ «እንዳትነግሪው፣ ሐዘን ላይ ነው» አለች። ሚጢጢ ከበርጩማው ተነሳች። የፎቶ ቤቱን ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አንስታ ወጣች።

ያቺን ቅዳሜ ረስታት አታውቅም፤ ግን እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ቁስሉ የራሷ ብቻ ይመስላት ነበር። ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ታላቅ ወንድሟ ፎቶ ቤቱን ከአባታቸው ተረክቦ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፎቶ መማር የሚፈልጉትን ከጀርባ ባለችው ክፍል መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። ሁሉም ያነሳውን ስም ሳይጽፍበት ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ያሰልፋል፤ ፎቶው ተራ በተራ ይተቻል፤ ባለቤቱ እስከ መጨረሻው ትንፍሽ አይልም። ወንድምየው የአናጢ ማዕዘን የሚመስሉ ሁለት ጥቁር ካርቶኖች አሉት። እነሱን ፎቶው ላይ ጋድም እያደረገ ከዚህም ከዚያም ይከልላል፤ ይሄ ይውጣ፣ ይሄ ጠርዝ ቆሻሻ ነው እያለ ፍሬው ብቻ እስኪቀር ያጠበዋል፤ ከዚያ ይቆረጣል። ተማሪዎቹ በሌለበት መቀሱ ይሉታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሱ እስከ ዛሬ አልሰማም።

ያን ቀን ሚጢጢ በዕድሜዋ የመጀመሪያ የሆነውን የሰው ፎቶ አሰለፈች፤ እናቷን። ወንድምየው ያነሳው ማን እንደሆነ ጠርጥሮ ይሆናል፤ ጠርጥሮም ከሆነ ለዘመድ አያዳላም እንዲባል ፈልጎ ይሆናል። ፊቱ ተንቀሳቅሷል አለ። ጀርባው ቆሻሻ ነው አለ። ካርቶኖቹን አቀራረበ፤ መጀመሪያ መጥረጊያው ወጣ፣ ቀጥሎ ባልዲው፣ ቀጥሎ እጆቿ፣ ቀጥሎ አገጯ፤ በመጨረሻ ሁለቱ ካርቶኖች ገጠሙና ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ብቻ ቀረ። «አያችሁ? የሚተርፍ ነገር የለውም።» ተማሪዎቹ ሳቁ። እናትየዋ ትሪ ላይ ውሃ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ እሷም አብራ ሳቀች። ሚጢጢ በደንቡ መሠረት ዝም አለች፤ ዝም እንዳለችም ቀረች። ካሜራውን አስቀምጣ ፎቶ ማጠቢያው ክፍል ገባች፤ ይኸው ሌላ ሰው ያነሳውን ፎቶ ስታጥብና ስታትም ሃያ ሦስት ዓመት ሆናት። ወር ሳይሞላ ወንድምየው ግድግዳው ላይ በእጁ የጻፈውን ወረቀት ለጠፈ። «መጀመሪያ ያየኸውን፤ ቀጥሎ የያዘህን፤ መጨረሻ የሚታረመውን» ይላል። ለምን እንደጻፈው አልተናገረም፤ እሷም አልጠየቀችውም። ይቅርታ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ግን የይቅርታው ወረቀት ለአንዲቱ ብቻ ነበር፤ በሩ ላይ ስለቆመችው ማንም አላሰበም።

ፎቶ ቤቱ አራት ቀን ተዘግቶ ስለቆየ የታፈነ የወረቀትና የአቧራ ሽታ ተቀበላት። የፊተኛው ክፍል አሁን ለመታወቂያና ለፓስፖርት ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ አንድ ወንበር፣ አንድ ነጭ መጋረጃ፣ አንድ መስተዋት፣ መስተዋቱ ላይ የተሰካች ማበጠሪያ። እናትየዋ እግሯ እስኪከዳት ድረስ ሥራዋ እዚህ ነበር። ደመወዝ የሌለው፣ ስምም የሌለው ሥራ። ከመስኮቱ የሚመጣው ብርሃን የደንበኛውን አንድ ጉንጭ ብቻ ስለሚያበራ፣ እሷ በሌላው ወገን ነጭ ሰሌዳ ይዛ ትቆምና ብርሃኑን ወደጨለመው ጉንጭ ትመልሳለች። ከዚያ በፊት ደግሞ የሁሉንም ኮሌታ ታስተካክላለች፤ ሰውየው ዳኛም ይሁን ሌባ፣ ኮሌታው ሳይስተካከል አይነሳም። ሚጢጢ የኔጋቲቭ ሣጥኖቹን ከመደርደሪያ አውርዳ በመብራቱ ጠረጴዛ ላይ ማየት ጀመረች። የታተመ ፎቶ ይቆረጣል፤ ኔጋቲቭ ግን እንዳለ ይቀመጣል። ይህን እያወቀች ሦስት ቀን ሙሉ እዚህ ለመፈለግ ያላሰበችበትን ምክንያት ለራሷም አልነገረችውም።

እናቷ እዚያ ነበረች። በያንዳንዱ ፊልም ላይ፣ በያንዳንዱ ጠርዝ። የተመረቁ ልጆች ቆመው፣ በግራቸው በኩል አንድ ክርን። ሙሽሮች ተቃቅፈው፣ በቀኛቸው አራት ጣት ነጭ ሰሌዳ ጨብጦ። የተሸማቀቀ ሕፃን፣ ከበላዩ ልታስቀው የምትወዛወዝ የቀሚስ እጅጌ። ሚጢጢ እነዚህን ፎቶዎች በገዛ እጇ አትማቸዋለች፤ በገዛ እጇም ክርኑን፣ ጣቱን፣ እጅጌውን ቆርጣ ጥላለች፤ ጠርዝ ቆሻሻ ነው ተብላ ተምራለችና። ለካ ስንት ሺህ ጊዜ እናቷን ቆርጣለች። ፊቷን ፈለገች፤ ፊቷ ግን ሁልጊዜ ከሰሌዳው ጀርባ ነው፤ ወይም ዞራ የሚበራውን ሰው እያየች ነው። አራት ሣጥን ጨረሰች። ብቻዋን ስለነበረች አለቀሰች፤ ቀብሩ ላይ እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም።

የራሷን ፊልም ያገኘችው ከመጨረሻው ሣጥን ሥር ነው፤ እዚያ የደበቀችው ራሷ ናት። ስድስተኛው ምስል። ኔጋቲቭ ላይ ጥቁሩ ነጭ ነውና፣ የዚያን ጊዜ ጥቁር የነበረው የእናቷ ፀጉር ሽበት ሆኖ ታያት፤ ባለፈው ሳምንት ትራሱ ላይ እንደነበረው። ማሽኑ ውስጥ አስገብታ አተመችው። እናቷ በጀርባው ክፍል ሣጥን ላይ ተቀምጣለች፤ ነጩ ሰሌዳ ጭኗ ላይ ነው፤ ከኋላዋ ባልዲና መጥረጊያ። ትስቃለች። የምትለውም ይታወሳታል፤ «ተይ፣ ፊልም አታባክኚ» ነው። እንደ ባለሙያ ለመናገር ፎቶው ጥሩ አልነበረም። ክፍሉ ጨለም ያለ ስለነበር ካሜራው ቀስ ብሎ ነው ተከፍቶ የተዘጋው፤ እሷ ደግሞ ስትስቅ ራሷን ነቀነቀች፤ ፊቷ ሁለት ሆኖ ተደራርቧል። ጀርባውም ቆሻሻ ነው። ሚጢጢ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በደለኝ ስትል የኖረችው ወንድም አንዲት ቃል አልዋሸም፤ ያየው ጥፋት ሁሉ እዚያው ነበር። የበደለው ባለው አልነበረም፤ ሳይል በተወው ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ወንድምየው መጣ። ከኋላው ተማሪዎቹ፤ ለማስተዛዘን ቤት ሄደው ነበር፤ እሱ ግን ከለቀስተኛ ጋር መቀመጥ ስላቃተው፣ ሥራ ይሻለኛል ብሎ ይዟቸው መጣ። አራት ናቸው፤ አንድ ባለታክሲ፣ አንዲት ነርስ፣ አንዲት ልብስ ሰፊ፣ እና ከመጀመሪያው ጀምሮ ያልጠፋው ጡረተኛ የሒሳብ አስተማሪ። ሦስቱ አዳዲስ ናቸው፤ እናትየዋን በዓይን አያውቋትም። ሁሉም ያመጡትን ሲያሰልፉ ሚጢጢም ከማተሚያው ክፍል ወጥታ በመጨረሻ ያተመችውን ጠረጴዛው ላይ አደረገች፤ ከዚያ ሄዳ በሩ ላይ ቆመች። ለምን እዚያ እንደቆመች አላሰበችበትም።

ወንድምየው ተራ በተራ ሄደ። ባለታክሲው ያነሳውን የዝናብ መንገድ አየና፣ ያየውን ተናገረ፣ የያዘውን ተናገረ፤ ከዚያ የመኪናውን መስተዋት በካርቶኑ ሸፍኖ፣ ይሄ ከሌለ መንገዱ ይረዝማል አለ። ባለታክሲው ደስ ብሎት ራሱን ነቀነቀ። ወንድምየው እንዲህ ሆኗል አሁን፤ ቃሉ ሰው አያቆስልም። አምስተኛው ጋ ሲደርስ ቆመ። ካርቶኖቹ በልማድ ቀድመው ፎቶው ላይ አርፈው ነበር፤ ሳያነሳቸው ቀረ። ጡረተኛው መነጽሩን አወለቀ። በዚያ ቅዳሜ ከሳቁት ውስጥ አንዱ እሱ ነበር። ሌሎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ በመጨረሻ ነርሷ እኔ ልጀምር አለች።

«የማየው፣ አንዲት ሴት ነጭ ሰሌዳ ጭኗ ላይ አድርጋ ስትስቅ ነው። የያዘኝ፣ የምትስቀው ለካሜራው አይደለም፤ ላነሳት ሰው ነው። የምትወደው ሰው መሆን አለበት።» ትንሽ አመነታች። «የሚታረመው፣ ፊቷ ተንቀሳቅሷል። ግን እኔ ሥራዬ ላይ የማይንቀሳቀስ ፊት ብዙ አያለሁ፤ ይሄ ይሻለኛል።»

ባለታክሲው ደግሞ ጥሩ ተማሪ መሆኑን ሊያሳይ ፈልጎ፣ ጀርባው ላይ ባልዲና መጥረጊያ እንዳለ፣ እነሱ ቢወጡ ፎቶው እንደሚጠራ ተናገረ። የተናገረው ሁሉ ከዚሁ ጠረጴዛ የተማረው ነበር። ወንድምየው ካርቶኖቹን ቀስ ብሎ ከፎቶው ላይ አነሳ።

«መጥረጊያው የሷ ነው» አለ። «ተዉላት።»

ካርቶኖቹን አንዱን በአንዱ ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ዳር አስቀመጠ፤ ለዛሬ እዚህ ላይ እናብቃ አለ። ተማሪዎቹ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ፎቶዎቻቸውን ሰብስበው ወጡ። ጡረተኛው ሲያልፍ የሚጢጢን ትከሻ ነካ አድርጎ ወጣ።

ድንጋይ ጠራቢው ጋ ሲደርሱ አስራ አንድ ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ግቢው ውስጥ ገና ስም ያልተጻፈባቸው ድንጋዮች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ ሰውየው ቅንድቡ ድረስ በነጭ አቧራ ተሸፍኗል። ፎቶውን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አወጣው፤ አራቀው፣ አቀረበው።

«ተንቀሳቅሷል እኮ ይሄ። ሌላ የላችሁም?»

«ተንቀሳቅሷል» አለ ወንድምየው። «እየሳቀች ስለነበር ነው።»

ጠራቢው ትከሻውን ሰበቀ። የሚለጠፈው ክፈፍ እንቁላል ቅርጽ ስለሆነ እጇም፣ ይሄ ነጩ ነገርም፣ ከኋላ ያለውም ኮተት ተቆርጦ ፊቷ ብቻ እንደሚቀር አስረዳ፤ እንዲያውም ያምራል አለ። ወንድምየው አይቆረጥም አለ። ጠራቢው እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም፣ ነጩስ ነገር ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ፤ ወንድምየው የሥራ ዕቃዋ ነው ብሎ መለሰለት። ሰውየው ብዙ ዓይነት ሐዘንተኛ ያየ ሰው ነውና አልተከራከረም፤ አራት ማዕዘን ክፈፍ ፈልጎ ለካውና ፎቶውን ከሥሩ አኖረው።

ሲመለሱ በእግራቸው ሄዱ። ሱቆቹ መብራት እያበሩ ነበር፤ ሕዝቡ ከሥራ እየወጣ ሁለቱን አንዴ ይለያቸዋል፣ አንዴ ያጋጥማቸዋል። ሚጢጢ ከጠዋት ጀምራ ነገሩን በሆዷ ይዛ እየዞረች ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ወንድሟን እዚያ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ ጥፋቱን ልትዘረዝርለት ትመኝ ነበር፤ ዛሬ ዝርዝሩ ሙሉ ሆኖ እጇ ገብቷል። አንዲት ዐረፍተ ነገር ትበቃለች። የመንገዱን መሻገሪያ ካለፉ በኋላ ወንድምየው ፊቱን ሳያዞር ጠራት።

«ሚጢጢ። ያን ቀን እማዬ በሩ ላይ ነበረች እንዴ?»

አየችው። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጢሙን ከቀብሩ ወዲህ አልተላጨም፤ የሸሚዙ ኮሌታ በአንድ ወገን ተገልብጧል፤ አራት ቀን ሙሉ ያስተካከለለት ሰው የለም። መጀመሪያ ያየኸውን፣ ቀጥሎ የያዘህን፣ መጨረሻ የሚታረመውን። የሚታረመው ግን ከእንግዲህ ለማን ይታረማል?

«ነበረች» አለችው። «ውሃ ይዛ መጥታ ነበር። ሳቀች።»

«ከዚያስ? ምንም አላለችም?»

«ምንም አላለችም፣ ወንድም ጋሼ።»

ወንድምየው ቆመ። ዕድሜ ልኩን ፎቶ ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው፤ ጠርዙ ላይ ምን እንደነበረ ባያውቅም የተቆረጠ ፎቶ ሲያይ መቆረጡን ያውቃል። አፉን ሊከፍት ሲል ሚጢጢ እጇን ዘርግታ ኮሌታውን አስተካከለችለት፤ በአውራ ጣቷ ዳመጥ ዳመጥ አደረገችው፣ ልክ እናቷ ሰው ካሜራ ፊት ከመቆሙ በፊት እንደምታደርገው። ወንድምየው እንደ ደንበኛ ቀጥ ብሎ ቆመላት። ዓይኑ ሞልቶ ነበር። ሌላ አልጠየቃትም፤ እሷም ሌላ አልጨመረችለትም፤ የቀረችውን መንገድ ጎን ለጎን ሄደው ቤታቸው ገቡ።